ባዶውን የሚመለሰው መኪና

ጁባ ውስጥ ሱቅ ያለን ሁሉ አንድ ነገር በደንብ እናውቃለን፤ ድፍድፍ ነዳጁ ሲቆም ገበያችንም ይቆማል። ደቡብ ሱዳን ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እሱው ነው። ወደ ፖርት ሱዳን ወደብ የሚደርሰውም በጎረቤት አገር ምድር በተዘረጋ ቧንቧ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. ጁባና ካርቱም በማስተላለፊያ ክፍያ ሳይስማሙ ቀርተው ምርቱ ከአንድ ዓመት በላይ ተቋረጠ። በ2024 ደግሞ ሱዳን ውስጥ በጦርነቱ መሃል ዋናው ቧንቧ ተበላሸና ለወራት ሥራ አቆመ። ያኔ የሆነውን ሱቃችን ውስጥ አይተነዋል። ዶላር ጠፋ፣ ፓውንዱ ወረደ፣ ደመወዝ ያልተከፈለው ደንበኛችን በዱቤ ወሰደ። እኛም በሸጥንበት ገንዘብ ያንኑ ዕቃ መልሰን መግዛት አቃተን።

ጥፋቱን ሁሉ በቧንቧው ላይ መጣል ግን ይቀላል። ከካምፓላ በኒሙሌ በኩል ዱቄት፣ ዘይትና ሲሚንቶ ጭኖ የሚመጣልን መኪና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። የመመለሻውን ነዳጅ የምንከፍለው እኛ ነን፤ ከእኛ ቀጥሎ ደግሞ ደንበኛችን።

አገሩ የሚጫን ነገር አጥቶ አይደለም። በካፖኤታ በኩል የግራር ሙጫ አለ። በኢኳቶሪያ ማር አለ። በሩምቤክ አካባቢ ሴቶች «ሉሉ» ከሚሉት የሺአ ፍሬ ዘይት ያወጣሉ። አገሪቱ በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ስለተቀላቀለች፣ ካምፓላና ናይሮቢም ቢያንስ በሕጉ ሩቅ ገበያ አይደሉም።

«ክረምት መንገዱ ይዘጋል፣ በየኬላው ይከፈላል፣ ማን ሰብስቦ ይጭናል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። አንድ ባለ ሱቅ ብቻውን አይችለውም። ግን እኛ ዕቁብ የምናውቅ ሰዎች ነን። ለሱቅ መክፈቻና ለሠርግ የጣልነውን ዕቁብ፣ አሥር ሆነን ለአንድ መመለሻ ጭነት ብንጥለውስ? በትንሹ፣ በበጋ፣ የማይበላሽ በሆነው ሙጫ እንጀምር። ጥራቱን የሚለይ ሰው ይዘን፣ ሳንጭን ገዢ አግኝተን፣ ለሰብሳቢዎቹም ተገቢውን ዋጋ ከፍለን።

ይህ ነዳጁን አይተካም። ቧንቧው በሚቆምበት ቀን ግን በእጃችን ጥቂት ዶላር፣ በገጠሩ ሰው እጅም ሱቃችን የሚያመጣው ገንዘብ ይኖራል። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፤ አገርም በአንድ ሸቀጥ አይኖርም። እንጀራችን ከዚህ አገር ነውና ከምናስገባለት ጋር የሚወጣለትንም እናስብ።