ጨረር ከምላጭ ይቅደም

የሰው ልጅ ከሚደርስበት ደዌ አንዳንዱን በአደባባይ፥ አንዳንዱን በሹክሹክታ፥ አንዳንዱን ደግሞ በፍጹም ዝምታ የሚያልፈው ስለ ሆነ፥ ከትልቁ አንጀት ግርጌ፥ ከፊንጢጣ ከፍ ብሎ ባለውና ሐኪሞች ሬክተም በሚሉት ክፍል የሚነሣው ካንሰር፥ ከሥቃዩ አስቀድሞ በሚያመጣው ኀፍረት ምክንያት ብዙ ሰው ተሸሽጎ የሚሞትበት ደዌ ሆኖ ኖሯል። ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናል፤ ዘመዱም ያንኑ ይደግምለታል፤ ቅባት ተገዝቶ፥ ወራት አልፎ፥ ሰውነቱ ሲከሳና መቀመጥ ሲያቅተው ወደ ሐኪም ይሄዳል። ወደዚህ የመዘግየት ነገር በኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ለመናገር የምፈልገው ግን በሽተኛው ሐኪም ቤት ከደረሰ በኋላ ሕክምናው ስለሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

የካንሰር ስም የተነገረው ሰው፥ ከነቤተ ሰቡ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ይወጣልኝ?» ብሎ ነው። እብጠቱ ዛሬውኑ ተቆርጦ ቢወጣ ነፍሱ የምትተርፍ ይመስለዋል፤ ይህም ከሰው ባሕርይ የሚመጣ አሳብ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ይሁን እንጂ የሬክተም ካንሰር ችኮላ የሚያከፋው ደዌ ነው። ሬክተም ያለው በዳሌ አጥንት መካከል፥ እጅግ በጠበበ ስፍራ ነው፤ ከፊቱ ፊኛ፥ በወንዱ ፕሮስቴት፥ በሴቲቱ ማሕፀን፥ በግራና በቀኙም የሽንትንና የሩካቤን ሥራ የሚመሩ ቀጫጭን ነርቮች ከበውታል። ቀዶ ሐኪሙ በላይኛው አንጀት ላይ እንደሚያደርገው ዳር ዳሩን አስፍቶ የሚቆርጥበት ቦታ የለውም። ለዐይን የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳት በዚያ ቢቀሩ ካንሰሩ በዚያው በዳሌው ውስጥ ዳግመኛ ይነሣል፤ በዚያ ስፍራ የተመለሰ ካንሰር ደግሞ ሌሊት የማያስተኛ ሥቃይ ያመጣል፥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ለማድረግም እጅግ ያስቸግራል።

የጨረር ሕክምና ለዚህ ደዌ የተፈለገው ስለዚህ ነው። በስዊድን አገር ሐኪሞች ከ1987 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. 1168 በሽተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፥ ለግማሾቹ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉላቸው፥ ግማሾቹን ግን አስቀድመው ለአንድ ሳምንት በጨረር አከሟቸው። ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲታተም፥ በቀዶ ሕክምና ብቻ ከታከሙት ከመቶው 27ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዳሌያቸው ሲመለስባቸው፥ ጨረር ከቀደመላቸው ግን የተመለሰባቸው ከመቶው 11 ብቻ ሆነው ተገኙ፤ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩትም ከመቶው ከ48 ወደ 58 ከፍ አሉ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዛዊው ቢል ሂልድ ያስተማረው ጥበብ፥ ሬክተሙን ከከበበው የስብ ሽፋን ጋር ሳይቀደድ በሙሉ የማውጣት ሥራ፥ በየአገሩ ስለ ተስፋፋ፥ «ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ከተራቀቀ ጨረር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የሆላንድ ሐኪሞች በዚሁ በተራቀቀው መንገድ ሠርተው በ2001 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፥ ካንሰሩ በሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሰባቸው ጨረር ካላገኙት ከመቶው 8.2፥ ካገኙት ግን 2.4 ሆኑ። በዕድሜ ርዝመት ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አለመታየቱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ነገር ግን ከዳሌ ሥቃይ መዳን ራሱ ታላቅ ምሕረት ነው።

ጨረሩ ከምላጭ በኋላስ ቢሰጥ? ጀርመኖች ይህንኑ መርምረው በ2004 እ.ኤ.አ. መልሱን ሰጡ፦ ጨረርና ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት አስቀድመው ከተሰጧቸው ከመቶው 6ቱ፥ በኋላ ከተሰጧቸው ግን 13ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በስፍራው ተመለሰባቸው፤ ከጨረሩ የመጣው ጉዳትም በኋለኞቹ ላይ በዛ። ነገሩ ለሚያስተውል ሰው ግልጽ ነው። ጨረር ሕዋስን የሚገድለው ኦክሲጅን በበቂ ሲኖር ይልቁን በርትቶ ስለ ሆነ፥ ደም ሥሩ ያልተቆረጠ ሥጋ ለጨረሩ የተመቸ ነው፤ ሬክተሙ ከወጣ በኋላ ግን ሥጋው ጠባሳ ይዞ ደሙ ይቀንሳል፥ ትንሹም አንጀት ወደ ባዶው ዳሌ ወርዶ በዚያ ስለሚጣበቅ፥ ለካንሰሩ የታሰበው ጨረር ጤናማውን አንጀት ያገኘዋል።

ጨረር የሚለው ስም ብቻ የሚያስደነግጣቸው ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ በዚያ ክፍል የሚደረገውን እንዳለ መናገር ይገባል። በሽተኛው አስቀድሞ ውሃ እንዲጠጣ ይታዘዛል፤ የሞላ ፊኛ ትንሹን አንጀት ወደ ላይ ገፍቶ ከጨረሩ መንገድ ያርቀዋልና። ከዚያ በጠንካራው አልጋ ላይ ይጋደማል፤ በዳሌው ቆዳ ላይ የተነቀሱት፥ ከነጥብ የማይበልጡ ምልክቶች ከግድግዳው ከሚመጣው የብርሃን መስመር ጋር ይገጥማሉ፤ ባለሙያው ወጥቶ ወፍራሙን በር ይዘጋል፤ መሣሪያው ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ በሩም ይከፈታል። በዚያ ሰዓት ሕመም የለም፥ ጨረሩም በሰውነቱ ውስጥ አይቀርም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጁን ቢያቅፍ ልጁን የሚጎዳ ነገር የለም።

እንግዲህ ወደ አገራችን ጉዳይ ልምጣ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቤት ሆኖ በኮባልት መሣሪያ ሲያገለግል ኖሯል። ኮባልት 60 በአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስ ስለ ሆነ፥ ምንጩ ባረጀ ቁጥር አንዱን በሽተኛ ለማከም የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል፥ ወረፋውም በዚያው መጠን ይጨምራል። በቅርብ ዓመታት ጅማን በመሰሉ ከተሞች ሊኒያር አክስለሬተር የሚባለው አዲስ መሣሪያ ሥራ መጀመሩ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም የሕዝባችን ብዛት ሲታሰብ መሣሪያው ገና እጅግ ጥቂት ነው።

ለዚህ ደዌ ጨረር የሚሰጥባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። ረጅሙ፥ ካፔሲታቢን ከሚባለው የኬሞ እንክብል ጋር፥ ከ25 እስከ 28 ቀጠሮ የሚፈጅ፥ አምስት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስቀምጥ ነው፤ አጭሩ ስዊድኖች የሠሩበት፥ በየቀኑ 5 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) እየተሰጠ በአምስት ቀን የሚያበቃ ነው። አንድ ሰው በረጅሙ መንገድ በሚይዘው ቀጠሮ በአጭሩ አምስት ሰው ይታከምበታል። ከወሎ ወይም ከጎጃም ገጠር በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ የሚገባው ገበሬ፥ በዘመድ ቤት አንድ ሳምንት መቀመጥና ቤት ተከራይቶ ከወር በላይ መሰንበት ለእርሱ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማንም የሚሰወር አይደለም፤ ብዙውም ሕክምናውን ጀምሮ የሚያቋርጠው ገንዘቡ አልቆበት ነው። ስለዚህ የእኔ አሳብ፥ መሣሪያችን እስኪበዛ ድረስ፥ ለሚስማማው በሽተኛ ሁሉ አጭሩ መንገድ የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን የሚል ነው።

«ለሚስማማው» ያልሁት አስቤበት ነው። ኤምአርአይ የሚባለው የምስል ምርመራ ካንሰሩ የአንጀቱን ግድግዳ አለማለፉን ካሳየ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ብቻውን ይበቃል፥ ጨረር ማብዛትም በደል ነው። እብጠቱ በጣም ገፍቶ የቀዶ ሕክምናውን ዳርቻ ለነካበት ሰው ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል፤ ራፒዶ የተባለው የአውሮፓ ጥናት አጭሩን ጨረርና ከእርሱ ቀጥሎ የተሰጠውን ኬሞ ከረጅሙ ጋር ሲያስተያይ፥ አስቀድሞ መልካም ውጤት ቢያገኝም፥ በአምስተኛው ዓመት ካንሰሩ በስፍራው የተመለሰባቸው ከመቶው 10 ገደማ ሲሆኑ፥ በረጅሙ መንገድ ግን 6 ገደማ ሆነዋል። እንዲህ ላለው ሰው ረጅሙ መንገድ ሳይነፈግ ይጠበቅለት።

ጉዳቱም ይነገር። ድካምና ተቅማጥ ያልፋሉ፤ ዐይነ ምድርን የመቆጣጠር ችግርና የሩካቤ ድካም ግን ለዓመታት ሊሰነብቱ ይችላሉ፤ ጨረሩ የሴቲቱን የእንቁላል እጢ ስለሚያገኝ መካንነትን ያመጣል። ልጅ ለመውለድ ተስፋ የምታደርግ ወጣት ይህን ሳትሰማ በዚያ አልጋ ላይ መጋደም የለባትም። በሌላ ወገን፥ የሳኦ ፓውሎዋ ቀዶ ሐኪም አንጀሊታ ሃብር ጋማ እንዳሳየችው፥ ከጨረርና ከኬሞ በኋላ እብጠቱ ፈጽሞ የጠፋለት ሰው በየጊዜው እየተመረመረ ያለ ምላጭ ሊቆይ ይችላል፤ ከሆድ ላይ የሚንጠለጠለውን የዐይነ ምድር ከረጢት ፈርቶ ሕክምናውን ትቶ ለሚሄድ ወገናችን ይህ ታላቅ ተስፋ ነው፤ ሆኖም ምርመራው የማይቋረጥበት ሥርዐት ካልተዘረጋ ተስፋው ከንቱ ይሆናል።

ጤና ሚኒስቴርንና የሆስፒታሎቻችንን አለቆች የምለምነው፥ ቀዶ ሐኪሙ፥ የጨረር ሐኪሙና ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሳይመክሩበት የሬክተም ካንሰር ያለበት ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይገባ ሥርዐት እንዲያወጡ ነው፤ ለዚህ ከምክር ጊዜ በቀር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። መሣሪያ ሲገዛም የሚጠግነው መሐንዲስና የመለዋወጫው ዕቃ አብረው ይታሰቡ። አንተም አንባቢ ሆይ፥ አንቺም እኅቴ፥ ከዐይነ ምድር ጋር ደም ብታዩ ጸበሉን ሳትተዉ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ያከብራልና። ሐኪሙ በጣቱ ሳይመረምራችሁ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ቢያሰናብታችሁ፥ ሳታፍሩ እንዲመረምራችሁ ጠይቁ።