ስለ ኮንጋው ልጅና ስለ ትንሿ ባቡር

ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ከኮንጋ ለዚህ ገጽ ደብዳቤ ልከውልናል። ኮንጋ በጌዴኦ ዞን፥ ከይርጋ ጨፌ ከተማ እምብዛም ሳትርቅ፥ በእንሰትና በቡና መካከል የተቀመጠች አገር ናት፤ ስሟንም ቡና የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች በሩቅ አገር ሳይቀር ያውቁታል። ደብዳቤውን በብዕር ያሰፈረችው ትልቋ ልጃቸው ናት፤ ሐሳቡና ሐዘኑ ግን የእናትዮዋ መሆኑ ከቃሉ ይታወቃል። ነገሩ የአንድ ቤት ነገር ቢመስልም በብዙ ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ፥ በፈቃዳቸው ስማቸውን ትተን ዋናውን ክፍል ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓሮ ገብቶ በቆርቆሮና በሽቦ ባቡር ይሠራል። ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እኔም አላየሁም። የባለቤቴ አባት ግን በልጅነታቸው ባቡር ዲላ ሊገባ ነው ሲባል ሰምተው ነበርና ይህንኑ ለልጁ አጫወቱት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ዘንድሮ በቡና ለቀማ ጊዜ ከማድረቂያው አልጋ ላይ ሽቦ ቈርጦ ወሰደ። በቀዳዳውም ቡናችን መሬት ላይ ፈሰሰ። አባቱ ‹ያልመጣ ባቡር ምን ያደርግልናል!› ብሎ ተቈጥቶ የሠራውን ሁሉ በእግሩ ረገጠው። እነሆ ሁለቱ ከተነጋገሩ ሳምንት አለፈ። እኔ በመካከላቸው ቆሜአለሁ፤ ልጁን ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

እኛም ለእኚህ እናት የምንመልሰው የሚከተለውን ነው።

አስቀድመን ጥፋቱን ጥፋት እንበለው። ቡና ለጌዴኦ ቤተ ሰብ የዓመት ልብስ፥ የትምህርት ቤት ደብተርና የሕመም ጊዜ መድኀኒት ነው። ቡና በተዘረጋበት አልጋ ላይ ሽቦ የሚቈርጥ ልጅ የራሱን ቀለብ እንደ ቈረጠ ይቈጠራል። ስለዚህ የአባቱ ቍጣ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነገር ግን ሽቦውን መልሶ ማሰር የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን፥ የተረገጠውን የልጅ ሥራ ማቃናት ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። ልጁ ሽቦ መስረቁን ያውቃል፤ አባቱ የረገጡት ግን ሽቦውን ብቻ ሳይሆን የብዙ ቀን ሐሳቡን ጭምር መሆኑን ምናልባት አላወቁም ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ትንሽ ባቡር መሥራት የሥራ ፈት ጨዋታ ነውን? በዓለም ላይ ይህን ሥራ የሚወዱ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም ውስጥ ሽበት ያላቸው አባቶች ከልጆቹ አያንሱም። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን አሻንጕሊት ሠሪ ቤት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ዓመተ ምሕረት በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ በቍልፍ እየተጠመዘዘ የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ። የሐዲዱንም ስፋት በቍጥር ስለ ወሰነ ዛሬ የተገዛው ሐዲድ ከርሞ ከሚገዛው ጋራ ይገጥም ጀመር። ከዚህ በኋላ አንድ ክብ ሐዲድ የነበረው ልጅ ዓመት ዓመት እየጨመረ ጣቢያውን፥ ድልድዩንና ከተማውን ለማስከተል ቻለ። በሃምቡርግ ከተማ በ2001 የተከፈተው የትንንሽ ባቡሮች ትርኢት ዛሬ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ያለው ሲሆን፥ ሊያየው የሚሄደው ሕዝብ ከየአገሩ ነው።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ ተማሪዎች በ1946 የባቡር አምሳያ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከነርሱ አንዳንዶቹ ቤቱንና ዛፉን ሲያስጌጡ፥ ሌሎቹ ከጠረጴዛው ሥር ገብተው ባቡሮቹ ሳይጋጩ እንዲተላለፉ የስልክ ዕቃ እየቀጣጠሉ የመብራቱን መሥመር ያበጁ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር ከነበሩት ልጆች መካከል ጥቂቶቹ ወደ ኮምፒዩተር ተሻግረው ከዚያ ጥበብ ፈር ቀዳጆች ጋራ ለመቈጠር በቅተዋል። ይህን ስንል የኮንጋው ልጅ የግድ እንደነርሱ ይሆናል ማለታችን አይደለም። ልጅ በጨዋታው ውስጥ ምን እየተማረ እንደ ሆነ በውጭ የቆመ ሰው ቶሎ አይታየውም ለማለት ነው።

አያቱ ለልጁ የነገሩትም ተረት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያም በ1950ዎቹ ዓመታት ሐዲዱ ዛሬ አዳማ ከምንላት ከናዝሬት ተገንጥሎ እስከ ዲላ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ርዝመቱ 310 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆን ተገምቶ፥ የኢትዮጵያና የፈረንሳይ መንግሥታት ተነጋግረውበት ነበር፤ ዋናው ምክንያትም የደቡቡ ቡና ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የሚሄደው በአዳማና በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ነው እንጂ ወደ ዲላ አይደለም። የኮንጋ ቡና እስከ ዛሬ ድረስ የሚወርደው በጭነት መኪና ነው።

እንግዲህ አባትየው «ያልመጣ ባቡር» ማለታቸው እውነት ነው። ትንሿ ባቡርም ትልቁን ባቡር አታመጣም። ነገር ግን ልጁ እየሠራ ያለው ባቡር ብቻ መስሎ ከታያቸው ተሳስተዋል ብለን እናምናለን። የዚህ ሥራ ወዳጆች ከየአገሩ ሲገናኙ ከሚጠያየቁት ነገር አንዱ «የት ትኖራለህ? ባቡርህስ የሚያልፍበት አገር ምን ይመስላል?» የሚል ነው። የስዊሱ ሰው በረዶ ያለበትን ተራራ፥ የባሕር ዳሩ ሰው ወደቡን፥ የሜዳው ሰው የስንዴ እርሻውን ሠርቶ ያሳያል። ባቡሩና ሐዲዱ ከመደብር ይገዛ ይሆናል፤ አገሩን ግን በዚያ የኖረ ሰው ካልሠራው ሌላ የሚሠራለት የለም። ስለዚህ የኮንጋው ልጅ ባቡሩን ሲጨርስ «የት ትኖራለህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ ነው።

መልሱም ቀላል አይደለም። የጌዴኦ መሬት እንደ ፎቅ ቤት ደርብ በደርብ ሆኖ የተሠራ ነው። ከሁሉ በላይ እንደ ዋንዛና እንደ ብርብራ ያሉ አገር በቀል ዛፎች፥ ከነርሱ በታች እንሰት፥ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፥ ከቡናው እግር ሥር ጎመንና ልዩ ልዩ ሥራ ሥር ይበቅላሉ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ያልጠፋው በዚህ አተካከል ምክንያት ነው። እንደ ቱቱ ፈላና እንደ ጨልባ ቱቲቲ ባሉ ስፍራዎች ደግሞ የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ብዙ ትክል ድንጋዮች አሉ። ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚህ ሁሉ ነው። ልጁ ይህን በትንሹ ለመሥራት ሲነሣ ዕለት ዕለት ሳያየው የሚያልፈውን ጓሮ ማየት ይጀምራል። «ከአባቴ ማሳ ላይ የትኛው ዛፍ ይረዝማል? እንሰቱ ከቡናው በስንት እጅ ይበልጣል? ውሃው በየት በኩል ይወርዳል?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን ጥያቄዎች ከአባቱ የተሻለ የሚመልስለት የለም።

አሁን ስለ አሠራሩ የሚጠቅመውን ጥቂት ምክር እንስጥ። በመጀመሪያ ልክ ይወሰን። ለቆርቆሮ ሥራ የሚመቸው የእውነተኛውን አንድ ሃያ አምስተኛ ማድረግ ነው፤ ይኸውም አንዱን ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር አድርጎ መቍጠር ነው። የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለ ነበረ፥ የልጁ ሐዲድ ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 5 ሜትር የሆነ እንሰት 20 ሳንቲ ሜትር፥ 20 ሜትር የሆነ ዋንዛ 80 ሳንቲ ሜትር፥ የቆመ ሰው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። በዚህ ልክ ከአዳማ እስከ ዲላ ያለው መንገድ ሁሉ ይሠራ ቢባል ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሙሉውን ትቶ አንዲት ጣቢያ ብቻ ይምረጥ፤ የባቡር አምሳያ የሚሠሩ ሁሉ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ ስለ መንኰራኵሩ ነው። ብዙ ልጆች ለመንኰራኵር የጠርሙስ ቆርኪ ይጠቀማሉ፤ መልካም ነው። የባቡር መንኰራኵር ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚጠብቀው በውስጥ በኩል ያለው ከንፈር ነው። የቆርኪው ጠርዝ ሰፋ ያለ ስለ ሆነ፥ ያ ጠርዝ ወደ ውስጥ እንዲመለከት አድርጎ ቢያስገባው እንደ ከንፈር ያገለግለዋል፤ ወደ ውጭ ቢያዞረው ግን ባቡሩ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይወድቃል። ሁለቱም መንኰራኵሮች በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው አብረው ይዙሩ እንጂ ለየብቻቸው አይዙሩ።

ሦስተኛ ስለ ዳገቱ ነው። ባቡር ብረት በብረት ላይ እየተንከባለለ የሚሄድ ስለ ሆነ ዳገት ሲበዛበት ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶች በ100 ሜትር ጕዞ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ እንዳይኖር ይጠነቀቃሉ። ይርጋ ጨፌ ከዲላ ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በ100 ሜትር 2 ሜትር ተኩል እየወጣ የሚሄድ ባቡር ለዚህ ከፍታ ብቻ ቢያንስ 12 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ልጁም በጓሮው በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ ያድርግ፤ ኮረብታውን ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ጐኑን ይዞ ይዙር። ይህን ሲያደርግ ባቡርን ወደ አገሩ ማምጣት ስለምን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሐሳብ እንደሚጠይቅ በገዛ እጁ ይረዳዋል።

የቤቱን ሥርዐት በሚመለከት ለእናትዮዋ የምንለው ይህ ነው። ልጁን አይከልክሉት፤ እንዲሁም ዝም ብለው አይተዉት። በመጀመሪያ አባትና ልጅ አብረው የማድረቂያውን አልጋ ሽቦ ይጠግኑ። ልጁ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አባትየውም «ሥራህን መርገጤ ደግ አላደረግሁም» ቢሉት ክብራቸው አይቀንስም፥ ይልቁንም ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ወዳቂ ሽቦና ባዶ ቆርቆሮ የሚከማችበት አንድ ሣጥን ይሰጠው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ዕቃ ሳያስፈቅድ አይንካ። በለቀማ ወራት ሥራ ይቅደም፥ የትምህርት ቤቱም ጥናት አይጓደል፤ ከሁለቱ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ግን የርሱ ይሁን፤ በዚያችም ሰዓት ማንም ወዲህና ወዲያ አይላከው።

ደብዳቤውን የጻፈችውን እኅቱንም አንርሳ። ጽሕፈቷ የተስተካከለ፥ አሳቧም የተሰበሰበ መሆኑን አይተናል። ሜትሩን ይዛ የምትለካውና በደብተር የምትመዘግበው እርሷ ብትሆን ሥራው ይቃናል፤ ይህ የወንድ ልጅ ጨዋታ ነው ተብሎ እንዳትገለል አደራ እንላለን። አያትየውም በጥላው ሥር ተቀምጠው ጣቢያው በየት በኩል ሊሆን ይችል እንደ ነበር ይንገሯቸው። በልጅነታቸው የሰሙት ባቡር እስከ ዛሬ አልመጣም። የልጅ ልጃቸው የሠራው ባቡር ቡና ጭኖ በፊታቸው ሲያልፍ ቢያዩ ግን ደስ እንደሚላቸው አንጠራጠርም።

በመጨረሻ ለሌሎች አንባቢዎቻችን አንድ ልመና አለን። በድሬዳዋ፥ በአዋሽ፥ በመተሐራ፥ በሞጆ ወይም በለገሃር አካባቢ ያደጋችሁ፥ የድሮውን ባቡር በዓይናችሁ ያያችሁና ፉጨቱን በጆሯችሁ የሰማችሁ ብዙዎች ናችሁ። የት እንደምትኖሩ፥ ባቡሩ በሰፈራችሁ ሲያልፍ ምን ይመስል እንደ ነበር፥ ሌሊት ሲመጣ ከምን ያህል ርቀት ይሰማ እንደ ነበር በአጭሩ ጽፋችሁ ላኩልን። ጽሑፋችሁን ሰብስበን ወደ ኮንጋ እንልከዋለን። ልጁም በፈንታው እርሱ የሚኖርበት አገር ምን እንደሚመስል ሠርቶ እንዲያሳያችሁ ከወዲሁ ጠይቀነዋል።