ሳያውቁ መጫን

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ስንወጣ አጎቴን በመሪው ላይ ስላለው ቁልፍ ብጠይቀው፥ «እንጃ ልጄ፥ ነክቼውም አላውቅ» አለኝ።

ቁልፉ ክሩዝ ኮንትሮል ይባላል። ፍጥነት ከተወሰነለት እግር ከነዳጅ መስጫው ቢነሣም መኪናው በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፤ ፍሬን ሲረገጥ ይለቃል። የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የተባለ ዓይነ ስውር አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፥ በ1958 እ.ኤ.አ. በክራይስለር መኪኖች ላይ ተገጠመ።

ተራው ክሩዝ ኮንትሮል ግን መታጠፊያም ሆነ መንገድ የምታቋርጥ ፍየል አያይም። ስለዚህ በቀጥታ ሜዳ እንጂ በጭሮና በሂርና ጠመዝማዛ መንገድ ሊነካ አይገባም እላለሁ። ቀዩ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍም ለቆመ መኪና ማስጠንቀቂያ እንጂ የመክነፊያ ፈቃድ አይደለም።

ነገ መሪ ጨባጮች ነንና፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሥራውን ያላወቅነውን ቁልፍ አንጫን። መጠየቅ አያሳፍርም፤ የሰው ነፍስ ይዞ መገመት ግን ያሳፍራል።