ቦይ ለመጥረግ ማስታወቅ ይብቃ

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከደማም በስተሰሜን፣ ቃጢፍ ውስጥ በተምር እርሻ እሠራለሁ። እዚህ ውሃ ከማጠጣት ይልቅ ማስወጣቱ ይከብዳል። የመስኖው ውሃ ጨው ያዘለ ነው፤ ፀሐዩ ውሃውን ሲያተነው ጨዉ አፈሩ ላይ ይቀራል። ማፋሰሻው ቦይ በሸምበቆ ከታፈነ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሽቅብ ይወጣና የተምሩን ሥር ያፍናል። በ1971 እ.ኤ.አ. በተጠናቀቀው የአል አሕሳ ፕሮጀክት መንግሥት መስኖውንና ማፋሰሻውን አብሮ የዘረጋውም ለዚህ ነው።

ዋናውን ቦይ ያለ ፈቃድ መንካት አይገባም፤ የአንዱ ጥፋት ለጎረቤት ይተርፋል። ሸምበቆ ማጨድ ግን ምን ያስፈራል? ኾበር የሚኖሩት የእርሻው ባለቤት ዘንድሮ ቦዩን ለማስጠረግ ፈቃድ አመልክተው ምላሽ እስኪመጣ ድረስ በቦዩ ዳር ያሉት ተምሮች ቅጠላቸው ከጫፍ ደረቀ። እያየሁ አንጀቴ አረረ።

አገር ቤት፣ ፎገራ ያለው ወንድሜ ግን በዋልካ ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ከታች ካለው ባለማሳ ጋር ተነጋግሮ ነው። ካልተስማሙ ሽማግሌ ይገባል።

አዲስ ቦይ መቆፈር፣ ማስፋት፣ አቅጣጫ መቀየር ፈቃድ ይጠይቅ። የነበረውን በነበረበት ጥልቀት መጥረግ ግን፣ እዚህም ሆነ በየቀበሌያችን፣ በማስታወቅ ብቻ ይሁን። በሳምንት ውስጥ ባለሙያ መጥቶ ካልተቃወመ ባለማሳው አካፋውን ያንሣ።