አንድ ቄስ፣ ስንት ወንበር?

ስለ ቄሶቻችን መጻፍ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሕዝባችን ኢየሩሳሌም በራባኑት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጦ ስለ ክብሩ ሲጮህ ቄሶቻችን አብረውት ነበሩ። ስግድንም ዛሬ ድረስ የሚመሩልን እነርሱ ናቸው። የምጽፈውም ይህ ክብር እንዳይጎድል ብዬ ነው።

በአገር ቤት ቄሱ የነፍስ አባት ሆነው ኑዛዜ ይሰሙ ነበር። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ዘር ሲቆጠር ይጠየቃሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ። ሚስትየዋ ዕርቁ ካልጣማት ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ወንድሞቿም ቅርብ ናቸው። (ሁሉም ሴት ተመችቷት ነበር ማለቴ ግን አይደለም።)

እዚህ እስራኤል ወንበሩ በዛ። አንዳንድ ቄሶች በሞዓፃ ዳቲት ደመወዝ የሚከፈላቸው ናቸው። አንዳንዶቹን ኢሪያው ወይም ሪቫሃው «አስታርቁልን» ብሎ ይጠራቸዋል። ኢትዮጵያ ስለ ቀሩ ዘመዶች ዘር ምስክር ሲፈለግም የቄስ ቃል ክብደት አለው። እንግዲህ አንዲት እናት ባሏ እንደሚመታት ለነፍስ አባቷ ነገረች እንበል። በማግስቱ እኒያው ቄስ በእርሷና በባሏ መካከል ለሽምግልና ይቀመጣሉ። በሳምንቱ የሪቫሃ ሠራተኛዋ ስለዚያው ቤት ትጠይቃቸዋለች። ሴትየዋ ምሥጢሯን የነገረችው ለየትኛው ሰው ነው? እኅቷ ገና ጎንደር ከሆነች ደግሞ «አልታረቅም» ለማለት አፏ ይያዛል። ቄሱ አንዳች ክፉ ሳያስቡ ይህ ሁሉ ይደርሳል።

እኔ በመምህርነት ስሠለጥን የተማርኩት አንድ ደንብ አለ፦ አስተማሪ በክፍሉ ያለውን ተማሪ በገንዘብ በግል አያስጠናም። አስተማሪው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም፤ ወላጁ ማርክ የሚሰጠውን ሰው እምቢ ማለት ስለማይችል ነው። ለቄሶቻችንም እንዲህ ያለ ደንብ ያስፈልጋል እላለሁ። የነፍስ አባት የሆኑላትን ሴት የትዳር ጉዳይ ለሌላ ከተማ ቄስ ያስተላልፉ። የባል አጎት ከሆኑማ ጭራሽ አይቀመጡ።

ሕጉም ወንበሮቹን ይለያል። በ1971 የወጣው የማስረጃ ሕግ የሃይማኖት አባት በኑዛዜ የሰሙትን፣ ሃይማኖታቸው እንዳይገልጡት ከከለከላቸው፣ በፍርድ ቤት እንዲመሰክሩ አያስገድድም። በሽምግልና የተሰማ ግን ኑዛዜ አይደለም። ደግሞም ከ1989 ጀምሮ ልጅ ወይም ራሱን መጠበቅ የማይችል ሰው በአሳዳጊው እጅ በቅርቡ ተጎድቷል ብሎ ለማመን ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው ለሪቫሃ ወይም ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቄስም ከዚህ አይወጡም። «በቤታችን እንጨርሰው» እዚህ ላይ አይሠራም። የተመታችም ሚስት በ1991 ሕግ መሠረት የመከላከያ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች፤ ሽማግሌ ፊት መቀመጧ ይህን መብት አያሳጣትም።

እኅቶቼ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት «አባታችን፣ ይህን የምነግርዎ ወደ ማን ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም። ቄሶቻችንን የሚቀጥሩት መሥሪያ ቤቶችም ደመወዝ ብቻ ቆርጠው አይተዉአቸው፤ የሥራቸውን ወሰን በአማርኛና በዕብራይስጥ ጽፈው ይስጧቸው፣ ወረቀቱም በየጸሎት ቤቱ ደጃፍ ይለጠፍ።