ጆሮ የሚይዘው ሒሳብ

አዲስ የተወለደ ሕፃን የመስማት ችሎታው መመርመሩ ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ለዚህ አሠራር ፈር ከቀደዱት አንዷ የዴንቨሯ የመስማት ችሎታ ባለሙያ ማሪዮን ዳውንስ ነበሩ፤ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያችው ከተማ ጀመሩት። በዴንቨርና በአጠገቧ ባለችው አውሮራ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን ልጁን ካስመረመረ በኋላ የራሱን ጆሮ የሚያስታውሰው፣ ቤተሰቡ «ኧረ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው» ማለት ሲያበዛ ነው።

የጆሮ ጉዳት የጆሮ ማዳመጫ የማይለያቸው ወጣቶች ጣጣ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ የሚቆጥረው ጥንካሬውንና የቆየበትን ጊዜ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በቀን ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን፣ ጆሮ ያለ ስጋት የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን የዋለ ሠራተኛ፣ ሲመለስ የባቡሩን ጩኸት ለማሸነፍ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ስብከት ቢያዳምጥ፣ ማታ ደግሞ ሠርግ ቢታደም፣ ሦስቱም በአንድ መዝገብ ይጻፉበታል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

በሥራ ቦታ ቢያንስ ሕግ አለ፤ ያውም ላላ ያለ ነው። የምርምር ተቋሙ ሩብ ሰዓት በሚልበት 100 ዴሲቤል ላይ የፌዴራሉ ሕግ ሁለት ሰዓት ይፈቅዳል። ከሥራ ውጪ ግን ጭራሽ ጠባቂ የለም። የኮሎራዶ የድምፅ ሕግ በንግድ ቀጠና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የሚፈቅደው 55 ዴሲቤል ሲሆን፣ የሚለካውም ከይዞታው ወሰን 25 ጫማ ርቆ ነው። ሕጉ የሚያስበው ለጎረቤት እንቅልፍ እንጂ በአዳራሹ ውስጥ ለሚጨፍረው ሰው ጆሮ አይደለም።

አዳራሹን ማስተካከል እንግዲህ የባለ ድግሱ ፈንታ ነው። በሠርጎቻችን ሽማግሌዎችና እናቶች በክብር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ትልልቆቹ የድምፅ ማጉያዎችም የሚቆሙት እዚያው ነው። አክብሮቱ ቅጣት ሆነ ማለት ነው። አጠገብ ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገ ድምፁ 85 ዴሲቤልን አልፏል ብሎ መገመት ይቻላል። «ሠርግ ያለ ሙዚቃ ምኑ ሠርግ ነው?» የሚል ይኖራል። ሙዚቃው ይጥፋ ያለ ግን የለም። 3 ዴሲቤል ቢቀነስ ጨፋሪው ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል፤ ለጆሮው ግን ጊዜውን እጥፍ ያደርግለታል። ይህን ለዲጄው አስቀድሞ መንገርና የሽማግሌዎቹን ጠረጴዛ ከማጉያው ማራቅ ምንም ወጪ የለውም። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ጠረጴዛ ላይ ማኖርም ከአንድ ሣጥን ለስላሳ መጠጥ አይበልጥም።

የሚያሳስበው ጉዳቱ ቶሎ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ጩኸት የሚጎዳው መጀመሪያ ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመስማት አቅም ነው፤ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ድምፆች የሚለዩትም በአብዛኛው በዚያ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ተጎጂው «አልሰማም» አይልም፤ «ይሰማኛል፣ ግን አይለይልኝም» ይላል። «ሰፋ» ሲባል «ጠፋ» ብሎ ይሰማል። በአማርኛ ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ይገምታል፤ በሐኪም ቤትና በስልክ በሚሰማው እንግሊዝኛ ግን ግምቱም ይከዳዋል። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ባለበት መቀመጥ ይሰለቸዋል፤ ወዳጆቹም ኮራ ይሉታል።

በአውሮፕላን ማረፊያም ሆነ በፋብሪካ፣ የስምንት ሰዓት አማካይ ድምፅ 85 ዴሲቤል በሚደርስበት ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው የጆሮ መከላከያና ዓመታዊ የመስማት ምርመራ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ ሥልጠናውም በሚገባው ቋንቋ ሊሰጠው ይገባል። የምርመራውን ውጤት ቅጂ ጠይቆ ይውሰድ፤ ካለፈው ዓመት ውጤት ጋር ሲያስተያይም በቅድሚያ 4000 ኸርዝ ላይ ያለውን ነጥብ ይመልከት።