ሁለተኛውን ጆይስቲክ ማን ይያዘው?

«ቲንክ ኦፍ ዘ ችልድረን» የሚባል ጌም አለ። «እስቲ ለልጆቹ አስቡ» እንደማለት ነው። አንድ የአውስትራሊያ ስቱዲዮ በፈረንጆቹ 2017 ያወጣው ነው። እስከ አራት ሰው ሆናችሁ ወላጅ ትሆናላችሁ። የተሰጣችሁን ሥራ መጨረስ አለባችሁ፤ በዚያው ላይ ልጆቹን ከአደጋ መጠበቅ አለባችሁ። ልጆቹ ደግሞ ያው ልጆች ናቸው። አንዱ ወደ እሳት፣ አንዱ ወደ መኪና መንገድ፣ አንዱ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ። ትንሽ ሳይቆይ ቤቱ ጩኸት በጩኸት ይሆናል፦ «ያንተ ነው፣ ያዘው!» «እኔ እኮ ሥራ ላይ ነኝ!» «ኧረ ትንሿን ማን አያት?»

በጣም ያስቃል። ጌም ላይ ስህተት በነፃ ነው፤ ከተበላሸ እንደገና መጀመር ነው። ከሳቁ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር ግን አለው። እዚህ ጌም ውስጥ የአባት ሥራና የእናት ሥራ ተብሎ የተለየ ነገር የለም። ጆይስቲክ የያዘ ሁሉ ልጅ ማንሳት ይችላል፤ ጆይስቲክ የያዘ ሁሉ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ የምትሸነፉት ደግሞ ሁላችሁም «ሌላው ያየዋል» ብላችሁ በተዘናጋችሁባት ሰከንድ ነው።

በ2021 የወጣው «ኢት ቴክስ ቱ» ደግሞ ይባስ ብሎ ለብቻ የሚጫወት ሰው አያስገባም። ታሪኩ ሊፋቱ ስለተቃረቡ ባልና ሚስት ነው፤ ሁለቱ ካልተጋገዙ አንድ በር እንኳን አይከፈትም። በዚያ ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ተሸልሟል። በየከተማችን ጌም ቤት ሰልፉ ለፊፋ ስለሆነ እነዚህን የምናያቸው በዩቲዩብና በቲክቶክ ነው። ቢሆንም ጨዋታው ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ ማን አለ? የጭቃ ወጥ፣ የቅጠል እንጀራ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ደግሞ ልጅ ሆኖ ይታዘላል። እስቲ ድርሻችንን አስታውሱት። ሴቷ ታዝላለች፣ ትጋግራለች፣ ታባብላለች። ወንዱ «እርሻ ሄጄ መጣሁ» ይልና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ «ምሳ የታለ?» ይላል። ማንም አላስተማረንም። ያየነውን ነው የተጫወትነው።

አሁን ጌሙን ደምበጫ ገጠር አምጥተን እንጫወተው። ሰዓቱ ጠዋት ነው። ምጣዱ ግሏል፣ ሊጡ እየተጠበቀ ነው። የዓመት ሕፃን ወደ ምድጃው እየዳኸ ነው። ጥጃዋ ገመድ በጥሳ በቆሎው ውስጥ ገብታለች። ጄሪካኑ ባዶ ነው። የበርበሬ መድኃኒት የነበረበት ጠርሙስ ግድግዳው ሥር ወድቋል፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ አይቶታል። ተጫዋች አንድ እናት ናት። ተጫዋች ሁለት ደብተሯን ይዛ ልትወጣ የነበረች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ተጫዋች ሦስት አባት፣ ተጫዋች አራት የአሥራ ሰባት ዓመቱ ወንድም። የእነዚህ የሁለቱ ጆይስቲክ አልተሰካም።

ይህ ደረጃ ደግሞ እንደገና አይጀመርም። የፈላ ውኃ ፈላ ነው። የጠጣው መድኃኒት ጠጣ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የቀረባት የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ተመልሶ አይመጣም።

«ወንዱ እርሻ ላይ እየደከመ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይደክማል። የጎጃም ገበሬ ድካም በዋዛ የሚታይ አይደለም። ግን አንድ ነገር እንይ። ማርያም ነው፣ ሚካኤል ነው፣ መድኃኔዓለም ነው ተብሎ ሞፈርና ቀንበሩ ይሰቀላል፤ በሬው እንኳን ያርፋል። ያን ዕለት ሕፃኑን ማን ነው ያዘለው? ያው እሷው። ልጅ በዓል አያውቅም፤ ሲርበው ይርበዋል፣ ሲያመው ያመዋል። ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ፣ በበዓል ቀን ልጅ በአባቱ ጀርባ ላይ እናይ ነበር።

የሚገርመው፣ በትብብር መሥራት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ወንፈልና ደቦ የእኛው ነው። አጨዳ ሲደርስ ማን የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያስር፣ ማን እንደሚከምር ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም የእኛው ተረት ነው። ይህን ሁሉ ጥበብ ግን ከደጃፍ አላስገባነውም። ለጤፉ ወንፈል አለ፤ ለልጁ ወንፈሉ በሴቶቹ መካከል ብቻ ነው።

«ልጅ የጋራ ነው» የምንለውም ሲመረመር እንዲሁ ነው። የጋራ ሲባል ጎረቤቷ፣ አያቷ፣ ታላቅ እህቷ ማለት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ አማራ ክልልን ጨምሮ ልጆችን ሲከታተል የኖረው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናትም ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ወንዶቹ ከብትና እርሻ ላይ ያመዝናሉ፤ ሴቶቹ ግን ለቤት ሥራና ለሕፃን ጥበቃ ብዙ ሰዓት ይሰጣሉ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ነገሩ ከፋ። ቤት የዋለች ልጅ ሥራ አታጣም። አንድ ዓመት ሙሉ ሞግዚት ሆና የከረመችን ልጅ፣ በሩ ተከፈተ ሲባል ቤቱ በቀላሉ ይለቃታል ወይ?

ሕጉም ቢሆን ለአባት ያሰበው ትንሽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ለእናት በዛ የሚል የለም፤ ሰውነቷ መጠገን አለበት። ግን በሦስት ቀን ምን ይለመዳል? ገና አጣጠቡን ሳያውቅ ወደ ሥራው ይመለሳል። ገበሬውንማ አዋጁ ጨርሶ አያውቀውም፤ የእሱን ፈቃድ የሚሰጠው ቤቱ ነው።

ስለዚህ ነገሩን መንግሥት ላይ ጥለን አንሂድ። ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ ገና አልወለዳችሁም። ታናሽ ግን አላችሁ፤ የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ አላችሁ። ሕፃን ሲያለቅስ ከስልካችሁ ቀና ሳትሉ «አንቺ፣ አንሺው እንጂ» የምትሏትን ነገር ተዉአት። ራሳችሁ አንሱት። እጃችሁ ላይ ቢያስታውክስ? «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» ተብሏል። ጓደኛ ቢስቅባችሁ አንድ ሳምንት ነው የሚስቀው፤ እህታችሁ ግን በዚያ ሳምንት ደብተሯን ታነባለች።

ጌም ላይ ሁለተኛ ተጫዋች ሲጠፋ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃል። እናታችሁ ቤት ውስጥ ማንም ቆሞ አይጠብቅም፤ ምጣዱም ይግላል፣ ሕፃኑም ይድሃል። ዛሬ ማታ ጆይስቲኩን ሰኩት።